ሰባት ሰከንድ

ሳንታ ፌ፣ ሰኔ፤ ፀሐይ ከጭቃው ግንብ ላይ ስትፋፋ
እኛ መስኮት በሌለው የሆቴል አዳራሽ፣ በአምፖል ጭላንጭል ተስፋ።
ሰማንያ ያህል የእንስሳት ሐኪም፣
ቦት ጫማ የለመደ እግር በቆዳ ጫማ ሲታመም፣
ስማችን በክር ታስሮ አንገታችን ላይ ተንጠልጥሏል፤
ጊደር እንኳ ብትሆን ጆሮዋ ላይ ቁጥር ብቻ ይበቃታል።

ለፈቃዴ እድሳት ስድስት ሰዓት ጎድሎኝ
ከሶኮሮ የተነሳሁት ሳይነጋ ነው፤
ፒክአፔ ላይ የማዋለጃ ሰንሰለቱ
ገና አልታጠበም፤ የሌሊቱ ጥጃ ደም አለው።

ጠዋት፣ የድመት ኩላሊት። ቀጥሎ፣ የማደንዘዣ መጠን።
ቀጥሎ፣ ስለ ፈረስ ቁርጠት አዲስ ነገር አለ ተባልን።
(አዲስነቱ አልታየኝም። አንጀት ያው አንጀት ነው፤ ይጠማዘዛል።)
ከጎኔ ዶን ዴልፊኖ አርቹሌታ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሰው፣ ተኝቷል፤
እጆቹ ጭኑ ላይ እንደ ሁለት ያረጁ ውሾች ተጋድመዋል።
አንድ ጣቱ የለም።
በሬ ይሁን በር የወሰደው፣
እንደ ቀኑ ነው የሚያወራው።

ለምሳ ወጣሁ። የቃሪያ ወጥ፣ ምላሴን የፈጀ።
መንገድ ማዶ አንዲት ባልቴት፣ ከልጅ ልጆቿ ጋር፣
መሰላል ላይ ቆማ የጸሎት ቤቱን ግድግዳ ትለስናለች፤
ጭቃና ጭድ፣ በመዳፏ፣ ልጅ እንደማጠብ።
«ስንት ዓመቱ ነው?» አልኳት።
«ግድግዳው ነው ጭቃው?» አለች።
«ግድግዳው ከአያቴ አያት ይበልጣል።
ጭቃው የአምና ነበር፤ ዝናብ በላው።»
ከዚያ ትንሹን ልጅ ተቆጣች፣ ጭድ አበዛህ ብላ።

ከሰዓት በኋላ ርዕሱ፦ የመጨረሻዋ መርፌ።
ዶክተር ሃልቨርሰን፣ ከኮሎራዶ የመጣች፣ ስላይዱን አጠፋችው።
«‹ተኛ› አትበሉ። ‹ሄደ› አትበሉ።
ልቡን አዳምጡና ‹ሞተ› በሉ።
ከዚያ ሰባት ሰከንድ ዝም። ሰባት ብቻ።
እስቲ አሁን እንሞክረው።»

አንድ። የማቀዝቀዣው እንጉርጉሮ።
ሁለት። የአንድ ሰው ጉሮሮ።
ሦስት ላይ ፊደንስያ ባካ በረት ደረስኩ፤
ዳማ ባዝራ፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ፣ አፈር ላይ።
መርፌውን ነቅዬ ወዲያው ማውራት ጀመርኩ፣
ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ጉድጓድ ቆፋሪው፣
ማሽኑ በየትኛው በር እንደሚገባ፣
እሷ ጋማውን በጣቶቿ እያበጠረች
«እሺ፣ እሺ» ስትለኝ።
አራት። አምስት። ሰባት ይህን ያህል ሩቅ ነው እንዴ?
ስድስት ላይ ዶን ዴልፊኖ፣ ተኝቷል ያልኩት ሰውዬ፣
ዓይኑን ሳይገልጥ «ፓሎማ» አለ።
በቅሎ ትሁን ሚስት አልጠየቅሁም።
ሰባት።
ማንም አልተነቃነቀም። ስምንት። ዘጠኝ።
መምህሯም መቁጠሩን ትታለች መሰለኝ።

በር ላይ ማኅተም መቱልኝ፤ ስድስት ሰዓት፣ ሙሉ።
አደባባዩ ዳር፣ ብር ሻጮቹ ካሉበት በረንዳ ሥር፣
አንድ ውሻ ሱሪዬን አሸተተ፤
አንብቦ ጨረሰኝና
ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።
አልፈርድበትም።

መኪናዬ ውስጥ ስልኬን አወጣሁ።
ቁጥሯን የመዘገብኩት «ዳማ ባዝራ፣ ምሥራቅ ሶኮሮ» ብዬ ነው፤
ሁለት ዓመት ሙሉ ስሟ ይኸው ነበር።
ጠራ። ጠራ። አነሳችው።
ማንነቴን ነገርኳት። «ሒሳብ ቀርቶብኝ ነው?» አለች።
«የለም» አልኳት። «ያቺ ባዝራ...
ስሟን አልጠየቅሁሽም ነበር።»

ዝም አለች።
አልቆጠርኩም።
በመስታወቱ ማዶ ልጆቹ ባልዲያቸውን ያጥባሉ፤
ግድግዳው ከታች እርጥብ፣ ከላይ ነጣ ብሏል።